እህቴ የብረት ኪኒኗን ጥላለች፤ «ብረት ካንሰር ያመጣል» የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው?

የጉለሌው
ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ታናሽ እህቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከጤና ጣቢያ የሰጧትን ያንን ቀይ የብረት ኪኒን ለአንድ ወር ያህል ስትውጥ ቆይታ ካለፈው ሳምንት ወዲህ አቁማለች። ምክንያቱን ስጠይቃት የአጎታችን ልጅ የላከላትን ቪዲዮ አሳየችኝ። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው የዛገ ሚስማር ይዞ ወደ ካሜራው እያስጠጋ፣ «ሰውነታችሁ ውስጥ እየሆነ ያለው ይህ ነው፤ ብረት ሴልን ያቃጥላል፤ የካንሰር ቀለቡ ነው» ይላል።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ሴል የማውቀው ተማሪ ሳለሁ ደብተሬ ላይ የሳልኩትን ክብ ብቻ ስለሆነ መከራከር አልቻልኩም። እናቴ በበኩሏ «እኛ ስድስት ስንወልድ የምን ኪኒን ነበር? ቀይ ጤፍ ትብላ» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ሰውየው የሚለው ሙሉ በሙሉ ውሸት ከሆነ ንገሩኝ። እውነት የተቀላቀለበት ከሆነም የቱ ጋ እንደሆነ ለዩልኝ።

ፋርማሲው ጥግ
ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 2፡34

ኪኒኑን ትዋጥ። አንዱ ፍሬ 60 ሚሊግራም ብረትና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ አለው። አንዲት ሴት በእርግዝናዋ ዘመን ለራሷ ደም፣ ለእንግዴ ልጁና ለሕፃኑ በጠቅላላው 1 ግራም ያህል ብረት ተጨማሪ ያስፈልጋታል። ያን ያህል ከእንጀራና ከሽሮ ብቻ መሰብሰብ ይከብዳል። ቪዲዮውን የላከውን ዘመድ ደግሞ በዓል ሲደርስ ብቻ ቢደውል ይሻላል።

የሴል ቤት
ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 4፡02

ፋርማሲው ጥግ ያለው ትክክል ነው። ሰውየውን ግን «ውሸታም» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ችግሩ የሚናገረው ነገር ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። እኔ ጀርመን አገር በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሴሎች በብረት ምክንያት እንዴት እንደሚሞቱ እያጠናሁ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም ላድርገው።

በመጀመሪያ ሚስማሩ። በአንድ አዋቂ ሰው ገላ ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ቢሰበሰብ ከ3 እስከ 4 ግራም ነው፤ እውነትም አንዲት ሚስማር ቢወጣው ነው። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል በቀይ የደም ሴሎች ሄሞግሎቢን ውስጥ ተቀምጦ ኦክስጅን ያመላልሳል። ይህን ሥራ የሚችለው ብረት ኤሌክትሮን በቀላሉ ስለሚሰጥና በቀላሉ ስለሚቀበል ነው። ነገር ግን ይኸው ጠባዩ ነው የሚያስፈራው። ብረት ያለ ጠባቂ ተለቅቆ ሴል ሲሠራ የሚፈጠረውን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ካገኘ፣ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ፊት ለፊቱ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ነገር ይወለዳል። የምላሹን መነሻ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ ፌንተን በ1894 እ.ኤ.አ. ስለ ታርታሪክ አሲድ ሲጽፍ አሳይቶታል። ፌንተን ስለ ካንሰር የሚያስበው ነገር አልነበረም።

ሰውነታችን ይህን ስለሚያውቅ ብረትን እንደ እስረኛ ነው የሚይዘው። በደም ውስጥ ሲጓዝ ትራንስፈሪን የተባለ ፕሮቲን ያጅበዋል። ሲቀመጥ ደግሞ ፌሪቲን በተባለ ባዶ ኳስ ውስጥ ይቆለፋል፤ አንዱ ኳስ እስከ 4,500 የብረት አተሞች ይይዛል። የሚገርመው ግን ይህ ነው፦ ለብረት መግቢያ በር እንጂ መውጫ በር የለውም። በቀን 1 ወይም 2 ሚሊግራም ይገባል፤ ያንኑ ያህል ከቆዳና ከአንጀት ከሚረግፉ ሴሎች ጋር፣ በሴቶች ደግሞ በወር አበባም ይወጣል። አዲስ ደም ለመሥራት በየቀኑ የሚያስፈልገው ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም የሚገኘው ካረጁት የደም ሴሎች ተለቅሞ ነው። ትርፍ ከገባ አውጥቶ የሚጥልበት መንገድ የለም። ስለዚህ ቁጥጥሩ ሁሉ ያለው በሩ ላይ ነው። በረኛው ከጉበት የሚወጣ ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ነው፤ መጋዘኑ ሲሞላ በሩን ይዘጋል፣ ሲጎድል ይከፍታል።

የጉለሌው፣ የእህትህ መጋዘን በአሁኑ ጊዜ እየተራቆተ ነው። የምትውጠው ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል። ቪዲዮው የሚያወራው ስለ ሞላ መጋዘን ነው።

ተጠራጣሪው
ኅዳር 4፣ ከጠዋቱ 1፡20

ጥሩ ተብራርቷል፤ ነገር ግን ከኬሚስትሪ ወደ ካንሰር በአንድ ዝላይ ተሻገራችሁ። በብርጭቆ ውስጥ የሚሆን ነገር ሁሉ በሰው ውስጥ አይሆንም። በሰው ላይ የታየ ማስረጃ አለ? የአይጥ ወሬ አልፈልግም።

የሴል ቤት
ኅዳር 4፣ ከጠዋቱ 3፡45

የአይጡን ሳልነግርህ አላልፍም፤ ዘርፉን ያስነሣው እሱ ነውና። በ1982 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ናይትሪሎትራይአሴቴት ከሚባል ነገር ጋር የተጣመረ ብረት በአይጦች ሆድ ውስጥ በተደጋጋሚ ሲወጉ ኩላሊታቸው ላይ ካንሰር በቀለ። ከዚያ በኋላ የናጎያው ሺንያ ቶዮኩኒ ሥራውን ለአሥርተ ዓመታት ገፍቶበታል። በአደገኛነቱ የሚታወቀው አስቤስቶስ የተባለ ጭረታማ ማዕድን፣ በተለይ ሰማያዊውና ቡናማው፣ በውስጡ ብዙ ብረት መያዙ ሳንባ ሽፋን ላይ ለሚያመጣው ካንሰር አንዱ ምክንያት ነው ብሎ የሚከራከረውም እሱ ነው።

በሰው ላይ ለጠየቅከው፦ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የእግር ደም ሥራቸው የጠበበ 1,277 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለግማሾቹ በየስድስት ወሩ ደም እየተቀዳ ብረታቸው ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ ግማሾቹ እንዲሁ ተተዉ። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት አዲስ የውስጥ አካል ካንሰር የያዛቸው ከተቀዱት 38፣ ካልተቀዱት 60 ሰዎች ነበሩ። ከመጮህህ በፊት እኔው ልጩህልህ፦ ጥናቱ የተነደፈው ስለ ደም ሥር እንጂ ስለ ካንሰር አልነበረም፤ የተሳተፉትም ከሞላ ጎደል በዕድሜ የገፉ ወንዶች ናቸው። ልዩነቱ ይህን ያህል መስፋቱ ራሱ ብዙ ባለሙያዎችን አጠራጥሯል። የሚጠቁመው ነገር አለ፤ ዳኝነት ግን አይሆንም።

ደም ቀጂዋ
ኅዳር 4፣ ከሰዓት በኋላ 9፡05

ይህን ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም። ደብሊን ውስጥ ነርስ ነኝ፤ ዋና ሥራዬ ደም መቅዳት ነው። የምቀዳው ግን ለሌላ ሰው ለመስጠት አይደለም፤ ባለቤቱን ለማዳን ነው። ሄሞክሮማቶሲስ የሚባል በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ። ጂኑ የታወቀው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። የሴል ቤት የነገረን በረኛ በእነዚህ ሰዎች ላይ ያንቀላፋል፤ በሩ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። አየርላንድ ውስጥ ከ83 ሰዎች አንዱ ይህን ጂን ከእናቱም ከአባቱም ወርሷል ይባላል፤ በዓለም ላይ ከዚህ የሚብስ አገር የለም። ሁሉም ይታመማል ማለት አይደለም። የሚታመመው ግን በሃምሳ ዓመቱ ገደማ የጣቶቹ አንጓ እየጠዘጠዘው፣ ደክሞት፣ ቆዳው ጠይሞ ይመጣል። «ፀሐይ መታህ?» ሲሉት የከረመ ሰው የመጋዘኑን ልክ የሚነግረን በደሙ ያለው ፌሪቲን ሲለካ ከአንድ ሺህ በላይ ሆኖ እናገኘዋለን።

በሰው ላይ የታየ ማስረጃ ለጠየቀው ወንድሜ፦ በብሪታንያ በተደረገ ትልቅ ጥናት ሁለቱንም ጂኖች የወረሱ ወንዶች እስከ 75 ዓመታቸው የጉበት ካንሰር የሚይዛቸው ዕድል 7.2 ከመቶ ሲሆን፣ ከሌሎቹ ወንዶች ግን 0.6 ከመቶ ብቻ ነው። ይህ አይጥ አይደለም።

ሕክምናው በየሳምንቱ ግማሽ ሊትር ያህል ደም መቅዳት ነው። በአንድ ከረጢት ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይወጣል። አንድ ሽማግሌ ታካሚዬ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «ዛሬ ስንት ሚስማር ወሰድሽልኝ?» ይለኛል። ስለ አገራችን ዋግምት ብነግረው ሳቁ አላባራ አለ። አያቴ በቀንድ ስትመጠጥ አይቻለሁ፤ ዋግምት ለብዙ ነገር የማይረባ ቢሆንም ለዚህ በሽታ ብቻ በስሕተት ልክ ይሆን ነበር!

በእኛ በሐበሾች ላይ ይህ የአውሮፓውያን ጂን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ደነገጥን ብላችሁ ለምርመራ አትሰለፉ።

አውድማ
ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 1፡15

የእናትየው ነገር እንዳይረሳ፤ ቀይ ጤፍ ብላለች። እኔ የሸዋ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ትምህርቴም የአፈር ሳይንስ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን አውቃለሁ።

የጤፍ ብረት ብዙ ሰው የሚኮራበትን ያህል ቀላል ታሪክ የለውም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የስዊድን ሐኪሞች እኛ ጋ መጥተው ሕዝቡ የሚመገበውን ለክተው ነበር። በተለይ ይንግቬ ሆፍቫንደር በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የኢትዮጵያውያን የብረት ምግብ በዓለም ላይ ከታዩት ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ እንደሆነ አሳይቷል። ታዲያ ያን ያህል ብረት እየበላን በጉበታችን ላይ ያልተከመረው ለምንድን ነው? ምክንያቱ አውድማው ላይ ነው። ልጅ ሆኜ በሬዎቹን ከኋላ እየነዳሁ አበራይ ነበር። በእበት የተለቀለቀው መሬት በኮቴ እየተፈቀፈቀ ከፍሬው ጋር ይደባለቃል። ጤፍ ከማነሱ የተነሣ አፈሩን በወንፊት ለይቶ ማውጣት የማይሞከር ነው። ብረቱ በብዛት የዚያ ቀይ አፈር ብረት ነው፤ ታጥቦ ሲለካ ቁጥሩ ይወርዳል። የአፈር ብረት ደግሞ አንጀት እምብዛም አይቀበለውም። ስለዚህ እናትየው «ጤፍ ብረት አለው» ማለታቸው ልክ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ይበቃል ማለታቸው ግን ልክ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በወሊድ ዕድሜ ካሉ ሴቶቻችን 24 ከመቶ የሚሆኑት ደም ማነስ ነበረባቸው፤ ከእነሱም መካከል እንጀራ በሊታዎች ብዙ ናቸው።

ከምግብ የመጣ የብረት መርዝ ማየት የፈለገ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ይሂድ። በዚምባብዌና በደቡብ አፍሪካ ገጠሮች የባህል ቢራ በብረት ጋንና በበርሜል ይጠመቃል። ጎምዛዛው መጠጥ ብረቱን እየላሰ ያሟሟዋል፤ በዚህ መልክ የሟሟ ብረት ደግሞ ከአፈሩ በተቃራኒ በደንብ ይሰርጋል። በአንድ ሊትር ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊግራም ተለክቷል። ያንን ለዓመታት ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች ጉበታቸው በብረት ተሞልቶ፣ ጠባሳ ይዞ፣ ከፊሎቹም ወደ ጉበት ካንሰር ሄደዋል። እናቴ ጠላዋን የምትጠምቀው በሸክላ ጋን ነው፤ ጋኑንም በወይራ ታጥናለች። ጎምዛዛ ነገር በዛገ በርሜል የሚጠምቅ ካለ ግን ቢተወው ደግ ነው።

ጎመን በጤና
ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 3፡30

ጥሬ ሥጋስ? ቅዳሜ ቁርጥ ቤት ቀጠሮ ስላለኝ ነው።

ፋርማሲው ጥግ
ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 3፡41

የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 እ.ኤ.አ. በጢስ፣ በጨውና በመሳሰሉት የተቀነባበረ ሥጋን «ካንሰር አምጪ» ብሎ መደበ፤ ቀይ ሥጋን ደግሞ «ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ደረጃ አስቀመጠው። ጉዳዩ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ሥጋውን ቀይ የሚያደርገው የሄም ብረት ነው። የተነገረው በየቀኑ ስለሚበላ ሰው ነው። አንተ ከቅዳሜው ቁርጥ ይልቅ ኮሶ ትሉን ፍራ።

ሌሊት ተረኛ
ኅዳር 5፣ ከሌሊቱ 7፡50

ሁላችሁም በዓመታት ስለሚከማች ብረት ታወራላችሁ። እኔ በአንድ ሌሊት ያየሁትን ልንገራችሁ። የጉለሌው፣ ይህን ለእህትህ አንብብላት፤ ቤቷ ውስጥ ሌላ ሕፃን ካለ በተለይ።

ክልል ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ማታ አንድ ሰዓት ገደማ የሁለት ዓመት ልጅ እያስታወከ መጣ። ትውከቱ ውስጥ ቀይ ቅርፊት ነበር። እናቱ ነፍሰ ጡር ናት። ኪኒኑ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ላዩ ስኳር የተለበሰ ነው፤ ልጅ ከረሜላ ቢመስለው አይፈረድበትም። አባትየውን «ሩጥና መያዣውን አምጣ» አልኩት። ሲያመጣው በእጄ ይዤ ባዶዎቹን ጎድጓዶች ቆጠርኩ፤ እናትየው የዋጠችው ተቀንሶ 13 ጎደለ። 13 በ60 ሲባዛ 780 ሚሊግራም። ልጁ ሚዛን ላይ 12 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ በኪሎ 65 ሚሊግራም ገብቶለታል። ከ60 በላይ ከሆነ ሊገድል እንደሚችል ግድግዳችን ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይናገራል።

አሳሳቹ ነገር ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። እኩለ ሌሊት ሲሆን ትውከቱ ቆመ። ልጁ ውኃ ጠየቀ፤ የአባቱን ቁልፍ ይዞ መጫወት ጀመረ። አባትየው «ተሻለው፣ ልሂድ፤ ነገ ሥራ አለኝ» አለ። የብረት መርዝ እንዲህ ነው፤ ከሆድ ወጥቶ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሴሎች እስኪገባ ድረስ ለሰዓታት ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ጉበትንና ልብን ይዞ ይነሣል። በር ላይ ቆሜ አላሳልፍም አልኩ። ማርከሻው፣ ዴፈሮክሳሚን፣ እኛ ጋ አልነበረም፤ ሐኪሙ በስልክ ሲያፈላልግ ቆይቶ ከሌላ ከተማ ሊነጋ ሲል በአምቡላንስ መጣ። መድኃኒቱ በደም ሥር መንጠባጠብ ሲጀምር የልጁ ሽንት ቀለሙን ለወጠ፤ ወደ ሮዝ ያጋደለ ቀይ። ያ የተያዘው ብረት ነው፣ እየወጣ ነው ማለት ነው። በሕይወቴ የሽንት ጨርቅ አይቼ እልል ለማለት የቃጣኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ልጁ በአምስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ።

የሴል ቤት
ኅዳር 5፣ ከጠዋቱ 2፡30

ሌሊት ተረኛ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያ ማርከሻ አሁን እኔ ከተቀመጥኩበት በአንድ ክንድ ርቀት ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ። የተገኘው አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ ባክቴሪያው ብረት ከአፈር ለመልቀም የሚሠራው መንጠቆ ነው። እኛ የምንጠቀምበት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ላሳያችሁ።

ጠዋት ሁለት ሳህን የካንሰር ሴሎች አወጣለሁ። በሁለቱም ላይ አር ኤስ ኤል 3 የተባለ ነገር እጨምራለሁ፤ በአንደኛው ላይ ግን ዴፈሮክሳሚን አስቀድሜ አፍስሼበታለሁ። ምሳ በልቼ ስመለስ የመጀመሪያው ሳህን ሌላ ነገር ሆኗል። ጠፍጣፋ የነበሩት ሴሎች ይከቡና ከጎናቸው እንደ ሳሙና አረፋ ያለ ፊኛ ያወጣሉ፤ ከዚያ ሽፋናቸው ይቀደዳል። እንዲህ እያሉ አንድ በአንድ ይረግፋሉ። ሁለተኛው ሳህን ምንም እንዳልተፈጠረ ተኝቷል። ልዩነቱ ብረቱ መታሰሩ ብቻ ነው።

ይህ ሞት ስም ያገኘው በ2012 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በብሬንት ስቶክዌል ቤተ ሙከራ ነው፤ ስሙም ፌሮፕቶሲስ ነው፣ ከላቲኑ የብረት ስምና ከግሪኩ «መውደቅ» የተሰፋ። እንዴት እንደሚሆን ለማስረዳት ከወጥ ቤት የተሻለ ቦታ የለም። የኑግ ዘይት ቶሎ ይሸታል፤ ቅቤ ግን ይቆያል። የኑጉ ስብ ኦክስጅን የሚያጠቃው ዓይነት ስለሆነ ነው። የሴል ሽፋን በዚህ ረገድ ወደ ኑጉ ያደላል። ብረት ደግሞ ብልሽቱን እንደ ክብሪት ያስነሣዋል። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ኮሰረትና እርድ የሚጨምሩት ለሽታ ብቻ አይደለም፤ እንዳይበላሽም ነው። ሴልም የራሱ ኮሰረት አለው፤ ጂ ፒ ኤክስ 4 የሚባል ኢንዛይም የተበላሸውን ስብ እየተከታተለ ያክማል። አር ኤስ ኤል 3 ያንን ኢንዛይም ነው የሚያሰናክለው።

ቀዩ መርፌ
ኅዳር 5፣ ከሰዓት በኋላ 8፡12

እኔ ደግሞ ከበሽተኞቹ ወገን ነኝ። የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ነኝ፤ ከስድስቱ አራተኛውን ዙር ኬሞ ጨርሻለሁ። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ምስርና ሥጋ መብላት ፈራሁ። ካንሰር ብረት ይወዳል ከተባለ እየቀለብኩት ነው ማለት ነው? ሄሞግሎቢኔ ደግሞ 9 ነው።

የሴል ቤት
ኅዳር 5፣ ከሰዓት በኋላ 10፡40

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ምስርሽን ብዪ። የካንሰር ሴል ከጤናማው ይልቅ ብረት ይሻማል፤ ቶሎ ቶሎ ለመከፋፈል ስለሚያስፈልገው በገላው ላይ የትራንስፈሪን መቀበያዎችን ያበዛል። ነገር ግን የሚሻማው ከሳህንሽ ሳይሆን ከደምሽ ነው። አንቺ ብትራቢ ቀድሞ የሚራበው ደም የሚሠራው መቅኔሽ ነው። ሐኪምሽ የብረት እጥረት መኖሩን አይቶ ብረት ቢያዝልሽም አትደንግጪ፤ በካንሰር ሕክምና ላይ የተለመደ ነው።

ያ የሚሻማበት ስስት ነው እኛን የሚያጓጓን። ብረት ያጠራቀመ ሴል ክብሪት ያጠራቀመ ቤት ነው። በተለይ ኬሞውን ተቋቁመው የሚተርፉት፣ በኋላ በሽታውን መልሰው የሚያመጡት ጥቂት ሴሎች፣ ሕይወታቸው በዚያ ጂ ፒ ኤክስ 4 ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ተገኝቷል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለት ቡድኖች ይህን አሳይተዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፓሪሱ ኩሪ ኢንስቲትዩት የራፋኤል ሮድሪጌዝ ቡድን የሴሉ ቆሻሻ መፍጫ በሆነው ላይሶሶም ውስጥ የተከማቸውን ብረት ራሱን የሚቀሰቅስ ሞለኪውል ሠርቷል። ስሙን ፌንቶማይሲን ብለውታል፤ ሽማግሌው ፌንተን ከ130 ዓመት በኋላ ተዘከረ።

ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ እንዲገድል ታስቦ ተሠርቶ ለታካሚ የተፈቀደ የካንሰር መድኃኒት ገና የለም። ጂ ፒ ኤክስ 4 ከጎልማሳ አይጦች ሲወገድ ኩላሊታቸው ወድቆ ሞተዋል። ያ ኮሰረት ለእኛም ጤናማ ሴሎች ያስፈልጋል፤ ካንሰሩን ብቻ ለይቶ መንሳት ነው የከበደው።

ስምሽን ከወሰድሽበት ከዚያ ቀይ መድኃኒት፣ ከዶክሶሩቢሲን ጋርም ብረት ጉዳይ አለው። ልብን የሚጎዳው ከፊል በልብ ሴሎች ውስጥ ካለው ብረት ጋር ተባብሮ ነው። ከመጀመርሽ በፊት ልብሽን በአልትራሳውንድ ያዩሽ ለዚያ ነው።

የተፈጥሮ መድኃኒት
ኅዳር 5፣ ከምሽቱ 12፡20

ለካንሰር ኬሞ አያስፈልግም!! የአርቴሚዥያ ሻይ ብረትን ተጠቅሞ የካንሰርን ሴል ብቻ ይገድላል፣ በሳይንስ ተረጋግጧል። ለማዘዝ [ስልክ ቁጥሩ በአወያይ ተሰርዟል]

ፋርማሲው ጥግ
ኅዳር 5፣ ከምሽቱ 12፡31

ይኸውና መጣ፤ እስካሁን የት ነበርክ እያልኩ ነበር። የሚያስቆጣው ይህም ከእውነት ጫፍ መነሣቱ ነው። ከአርቴሚዥያ አኑዋ የተገኘው አርቴሚሲኒን የወባውን ጥገኛ የሚገድለው በእርግጥ በብረት ነው። ጥገኛው ሄሞግሎቢን ሲያላምጥ የሚለቀቀው የሄም ብረት የመድኃኒቱን የኦክስጅን ድልድይ ይሰብረዋል፤ ስባሪው ራሱን ጥገኛውን ይወጋዋል። ኮአርቴም የምንለው ውስጥ ያለው የዚያ ልጅ ነው። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዮዮ በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመችበት። በሳህን ላይ የካንሰር ሴልንም ይገድላል። በሳህን ላይ! በሰው ላይ ኬሞን የሚተካ መሆኑን ያሳየ ሰው የለም። አሪቲ ከአንድ ወገን ስለሆነ ብቻ አሪቲ አፍልታችሁ የምትጠጡም ካላችሁ፣ ያ መድኃኒት በበቂ መጠን ያለው አኑዋ በተባለው ዘር ላይ ነው።

ተጠራጣሪው
ኅዳር 5፣ ከምሽቱ 1፡02

ሻዩን ትቼ ወደ መጀመሪያው ነገር ልመለስ። ብረት ለማይጎድለው ሰው መስጠት ጉዳት እንዳለው የታየበት ቦታ ግን አለ። ዛንዚባር፣ ፔምባ ደሴት፤ ወባ በሚበዛበት አካባቢ ለትንንሽ ልጆች ሳይመረመሩ ብረትና ፎሊክ አሲድ ተሰጥቶ ከባድ ሕመምና ሞት ጨመረ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ለእኔ ትምህርቱ ኪኒኑን መፍራት አይደለም፤ ለምን ደም አትመረመርም ነው።

የጉለሌው
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡45

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰኞ ዕለት ሥራ አስፈቅጄ ይዣት ሄድኩ። ሄሞግሎቢኗ 9.6 ሆነ። ሐኪሟ ለነፍሰ ጡር ከ11 በታች ደም ማነስ እንደሚባል፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ደግሞ የእሷ እንዲያውም ከቁጥሩ የባሰ እንደሆነ ነገራት። ከማክሰኞ ጀምሮ ኪኒኑን ቀጥላለች። ሌሊት ተረኛ፣ ያንቺን ታሪክ ሳነብላት ምንም አልተናገረችም፤ ተነሥታ ኪኒኑን ከአልጋው ራስጌ መሳቢያ አውጥታ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወረወረችው። የሦስት ዓመት ልጅ አላት። አሁን ለእሷም ወንበር ላይ ካልቆመች አይደርስላትም፤ እያወረድኩ የምሰጣት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ግን ደውላ «ሰገራዬ ጠቆረ፤ ውስጤ ተቃጠለ ማለት ነው?» አለችኝ።

ፋርማሲው ጥግ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡52

አልተቃጠለም። አንጀቷ ያልተቀበለው ብረት ነው፤ ሁሉም ላይ ይሆናል። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና በጣም የሚሸት ከሆነ ብቻ ለሐኪም ትንገር። ኪኒኑን ከቡናና ከሻይ አታገናኘው፣ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ታድርግ። ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጋር ብትወስደው ይሻላል።

የጉለሌው
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡10

ሦስቱንም የቡና ስኒ ነው ወይስ አቦሉን ብቻ? ልትጠይቀኝ ስለምትችል ነው።

ፋርማሲው ጥግ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡12

በረካውንም ጭምር።